ከ«ላፍ» እስከ «ሎል»፦ ስለ እንግሊዝኛ የሳቅ ቃላት ጠይቁኝ

ሰላም ወዳጆች። ዛሬ ተራው የሳቅ ቃላት ነው። ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ «ላፍ» ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ጂ እና ኤች አለ። «ፍ» ከየት መጣ?

መልስ፦ ድሮ እዚያ ቦታ ላይ ከጉሮሮ የሚወጣ «ኸ» ነበር። ጀርመኖች ዛሬም «ላኸን» ሲሉ ይሰማል። እንግሊዞቹ ዘንድ ድምፁ ቀስ በቀስ ወደ «ፍ» ዞረ፣ አጻጻፉ ግን እንዳለ ቀረ። የእኛንም እዩት። ግዕዙ «ሠሐቀ» ነው። አማርኛ «ሐ»ን ዋጥ አድርጎ «ሳቀ» አለ። «ይስሐቅ» የሚለው ስም ላይ ግን ፊደሏ እስካሁን አለች። የስሙም ትርጉም በዕብራይስጥ «ይስቃል» ነው።

ጥያቄ፦ «ስማይል» እና «ስመርክ» ሁለቱም ፈገግታ አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። አንድ ተማሪዬ «ማታ ቤት ስገባ እናቴ ስመርክ አደረገችልኝ» ብሎ ጽፎልኝ ያውቃል። ምስኪን እናት! ዛሬ «ስመርክ» ማለት የንቀት፣ «አገኘሁህ» የሚል ዓይነት ፈገግታ ነው። የሚገርመው ግን በጥንቱ እንግሊዝኛ ደህናው ፈገግታ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1300 አካባቢ «ስማይል» ብቅ አለ፤ ከስካንዲኔቪያ ሳይመጣ አልቀረም። አዲሱ ቃል መልካሙን ትርጉም ወሰደ፣ ለነባሩ ክፉው ተረፈው። ልጁ «ስማይል» ብሎ አስተካክሎታል።

ጥያቄ፦ «ግሪን» ማለት መገልፈጥ ነው?

መልስ፦ ጥርስ ማሳየቱ ያመሳስላቸዋል። እንዲያውም «ግሪን» መጀመሪያ ላይ በሕመም ወይም በንዴት ጥርስን ማግጠጥ ነበር። ዛሬ ግን ደስ ያለውም ሰው «ግሪን» ያደርጋል። የእኛው «ምን ያስገለፍጥሃል?» ግን ቁጣ ነው፤ ስለዚህ ስትተረጉሙ ተጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ «ጊግል»፣ «ቻክል»፣ «ካክል» ከላቲን የመጡ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም እህቴ። ድምፅ በመቅዳት የተፈጠሩ ናቸው። «ጊግል» የእኛ «ኪኪኪ» ነው። «ካክል» ከዶሮ የተወሰደ ነው፤ እኛም እንቁላል የጣለች ዶሮንም፣ ጮክ ብሎ የሚስቅን ሰውም «አስካካ» እንላለን። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች አንድ ዶሮ ሰምተው አንድ ሐሳብ መጣላቸው! «ቻክል»ም መነሻው የዶሮ ድምፅ ነው። ድሮ ከፍ ያለ ሳቅ ነበር፣ አሁን ለራስ የሚሳቅ ዝግ ያለ ሳቅ ሆኗል። ከእሱ ደግሞ «ቾርትል» ተወለደ። ደራሲው ሉዊስ ካሮል እ.ኤ.አ. በ1871 ባወጣው መጽሐፍ «ቻክል»ን በአፍንጫ ፉር ከማለት፣ ማለትም ከ«ስኖርት» ጋር አዳቅሎ ፈጠረው።

ጥያቄ፦ «ስሎተር» (እርድ) ውስጥ «ላፍተር» ተጽፎ አይቼ ደነገጥኩ። ዝምድና አላቸው?

መልስ፦ የላቸውም። የፊደል ግጥምጥሞሽ ነው።

ጥያቄ፦ «ሎል»ስ? የዘንድሮ ልጆች ፈጠራ ነው አይደል?

መልስ፦ «ጮክ ብዬ እየሳቅኩ ነው» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ምሕጻር ነው። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ2011 አስገብቶታል። ሳቅን በፊደል መጻፍ ግን የቆየ ነው። ኤልፍሪክ የተባለ እንግሊዛዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ በጻፈው የላቲን ሰዋስው ላይ «ሃሃ» እና «ሄሄ» በላቲንም በእንግሊዝኛም ሳቅን ያመለክታሉ ብሏል። ቴሌግራም ላይ የምንጽፈው እሱኑ ነው።

የቀሩትን ጥያቄዎች ማታ እመለስባቸዋለሁ።