ጋዙ በውኃው፣ ፍሬው በኋላ፦ በቤት ስለሚዘጋጅ ባለጋዝ የፍራፍሬ መጠጥ ጥያቄና መልስ

ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ፣ ከመርካቶና ከሌሎች ሰፈሮች የማኅበራችን አባላት ያቀረባችኋቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምሬአለሁ። የዋጋ ጥያቄዎችን ግን ዛሬ የጻፍሁት ለሚቀጥለው ሳምንት ስለማይሠራ ትቻቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ማሽን የለኝም። ባለጋዝ የፍራፍሬ መጠጥ ቤት ውስጥ ለማዘጋጀት ከሁሉ የሚቀልለው መንገድ የትኛው ነው?

መልስ፦ ለአዲስ አበባ ሰው ቀላሉ መንገድ በየሱቁ ይገኛል። ከከተማችን በስተምዕራብ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው ከአምቦ የሚመጣው ውኃ ጋዙን እንደያዘ ታሽጎ የሚሸጥ በመሆኑ፣ እርስዎ የሚጠበቅብዎት ጥሩ የፍራፍሬ ሽሮፕ ማዘጋጀት ብቻ ነው። ግማሽ ኪሎ የበሰለ እንጆሪ አጥበው ይክተፉ፤ ከ250 ግራም ስኳርና ከ250 ሚሊ ሊትር ውኃ ጋር በዝግተኛ እሳት ላይ 10 ደቂቃ ያህል ያቆዩት። ከዚያ በላይ ቢፈላ የፍሬው መዓዛ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄድና የሚቀረው የማርማላታ ጣዕም ነው። ከእሳት ካወረዱት በኋላ ሳይጨምቁ በወንፊት ያጥልሉት፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ ይጨምሩበትና ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡት። ለአንድ ብርጭቆ 40 ሚሊ ሊትር ሽሮፕና 200 ሚሊ ሊትር የቀዘቀዘ አምቦ ውኃ ይበቃል። በዚህ ልክ የተዘጋጀው መጠጥ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ወደ 6 ግራም ገደማ ስኳር ሲኖረው፣ ብዙዎቹ የፋብሪካ ለስላሳ መጠጦች ግን ወደ 10 ግራም ይጠጋሉ።

ጥያቄ (ከፒያሳ፣ ሌላ ጠያቂ)፦ አምቦ ውኃ ላይ ሎሚ ስጨምቅበት በኃይል ይገነፍላል፤ ሲቀመስም የጠበቅሁትን ያህል አይኮመጥጥም። ለምን ይሆን?

መልስ፦ ሁለቱም ከአንድ ምክንያት የመጡ ናቸው። አምቦ ውኃ ከምድር ውስጥ የሚያመጣው ማዕድን በብዛት ባይካርቦኔት ያለበት ሲሆን፣ የሎሚው አሲድ ከባይካርቦኔቱ ጋር ሲገናኝ ተጨማሪ ጋዝ ይፈጠራል፤ አሲዱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ በአምቦ ሲሠሩ ከተራ ሶዳ ውኃ ይልቅ ሎሚውን በርከት ማድረግ፣ ጭማቂውንም በቀጥታ ከላይ ከመጭመቅ ይልቅ አስቀድሞ ሽሮፑ ውስጥ መቀላቀል ያስፈልጋል።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎና ከካዛንቺስ፣ ተደጋግሞ የቀረበ)፦ መጠጡ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳይቀርብ ጋዙ ያልቃል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ዋናው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ። በመጠጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው መጠን በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በቅዝቃዜና በግፊት። በባሕር ወለል ባለው የአየር ግፊት ልክ፣ 0 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ሊትር ውኃ 1.7 ሊትር ያህል ጋዝ መያዝ ሲችል፣ 20 ዲግሪ ላይ ያለው ግን ከ0.9 ሊትር አይበልጥም። ከማቀዝቀዣ የወጣ ጠርሙስና ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጠርሙስ እኩል ጋዝ ይዘው ቢታሸጉም፣ ክዳናቸው ሲከፈት አንዱ ጋዙን አፍኖ ሲይዝ ሌላው የሚለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በግፊቱ በኩል እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ከሌላው ትንሽ እንጎዳለን። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፣ በላያችን ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጠርሙሱ ሲከፈት ጋዙን ወደ ውስጥ የሚጫነው ኃይል ያንሳልና ከድሬዳዋ ወይም ከጅቡቲ ይልቅ እዚህ በፍጥነት ይወጣል። ከፍታውን መለወጥ ባንችልም ቅዝቃዜው በእጃችን ነው። ውኃው ብቻ ሳይሆን ሽሮፑም፣ የሚቻል ከሆነ ብርጭቆውም ይቀዝቅዝ። በረዶ ላይ ብቻ መመካት ግን አያዋጣም፤ ለብ ያለ ሶዳ በረዶ ላይ ሲፈስ የበረዶው ሻካራ ገጽ ጋዙን ወደ አረፋ ይለውጠዋልና፣ የሚቀርልዎ ቀዝቃዛ ግን ጋዝ አልባ መጠጥ ነው።

የቀረው የአቀዳድ ነገር ነው። ሽሮፑ ከታች ይግባ፤ ብርጭቆው ዘንበል ተደርጎ ውኃው በጎኑ በቀስታ ይውረድ፤ ረጅም ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ቢያነሣው ይበቃዋል። ብርጭቆውን በፎጣ ከማድረቅም ይቆጠቡ፤ ከፎጣው የሚቀሩት ቃጫዎች የአረፋ መነሻ ይሆናሉ።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ አደባባይ)፦ የማንጎ ጭማቂ ከሶዳ ጋር ስቀላቅል ሁሉም አረፋ ሆኖ ከብርጭቆው ይወጣል። ጭማቂ ቤት እንደሚሠራው ስፕሪስ በሶዳ መሥራትስ ይቻላል?

መልስ፦ ስፕሪሱ አይሆንም፤ አቮካዶና ፓፓያ በተደራረቡበት ብርጭቆ ውስጥ ጋዝ መግቢያ አያገኝም። ማንጎውን በሚመለከት፣ በጭማቂው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የሥጋ ቅንጣት ጋዙ የሚሰበሰብበት መነሻ ስለሚሆን አረፋው በአንድ ጊዜ ይነሣል። ጭማቂውን በትንሽ ውኃ ያቅጥኑት፣ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ያጥልሉት፣ ሌሊቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩትና ከላይ የጠለለውን ብቻ ይጠቀሙ። ሥጋውን መጣል ከከበድዎ ለልጆች ቁርስ ይሆናል።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ የትኛውን ፍሬ ይመርጣሉ?

መልስ፦ እኔ የምመርጠው ኮምጣጣውን ነው። ጋዝ ያለው ውኃ ራሱ ጥቂት አሲድነት ስላለው ከሚጣፍጥ ፍሬ ይልቅ ከሚኮመጥጥ ጋር ይስማማል። ፓሽን ፍሩት በእኔ ግምት የሚወዳደረው የለም፤ ሁለት ፍሬ አንድ ብርጭቆ ያሸታል። አናናስ፣ መንደሪንና ሮማን ይከተላሉ። ዘይቱን (ጓቫ) መዓዛው ድንቅ ሆኖ ሳለ ሲፈላ እንደ ሙጫ ስለሚረጋ ብዙ ውኃ ይፈልጋል። ፓፓያ፣ ሐብሐብና በክረምት በየመንገዱ የሚሸጠው በለስ አሲዳቸው አነስተኛ ስለሆነ ያለ ሎሚ አይሞከሩም። ማንጎ ከአሶሳም ይምጣ ከአርባ ምንጭ፣ በደንብ የበሰለውና የሚሸተው ይመረጥ።

ፍሬ ባይሆንም ሳልጠቅሰው የማላልፈው ከርከዴን ነው። 20 ግራም ደረቅ አበባ በአንድ ሊትር የፈላ ውኃ ተነክሮ ሲጠልል ቀይ፣ ጥርት ያለና ኮምጣጣ ይሆናል፤ ቅንጣት ስለሌለውም ጋዙን አይረብሽም። ጥቂት ዝንጅብል ወይም ጠጅ ሣር ቢነከርበት ለጾም ቀን እንግዳ የሚቀርብ መጠጥ ይወጣዋል።

ጥያቄ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ)፦ ጋሼ፣ በእርሾ ጋዝ መፍጠር እንደሚቻል ሰምቻለሁ። በዶርም ውስጥ ብሠራው አደጋ አለው?

መልስ፦ ልጄ፣ ይቻላል፤ አደጋውም አለው። እርሾ ስኳር እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አልኮል ያወጣል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1767 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውኃን ባለጋዝ ለማድረግ የቻለው በሊድስ ከተማ ቢራ ከሚጠነሰስበት ጋን በላይ ውኃ በማንጠልጠል ነበርና፣ የምትሠራው ሥራ ከሱ የራቀ አይደለም። የእኛ ቃሪቦና ብርዝም ምላስ ላይ የሚቆነጥጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

የሁለት ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ በደንብ እጠብ። ተፈልቶ የቀዘቀዘና የጠለለ ጣፋጭ ጭማቂ እስከ አንገቱ ሙላ፤ ከላይ አራት ጣት ያህል ባዶ ተው። ከሻይ ማንኪያ ሩብ የማይበልጥ የዳቦ እርሾ ጨምርና ክዳኑን አጥብቀህ በክፍል ሙቀት አስቀምጠው። ጧትና ማታ ጠርሙሱን በጣትህ ተጫነው፤ ካልተከፈተ ለስላሳ ጠርሙስ እኩል ሲጠነክር ወዲያውኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባው። በአዲስ አበባ ብርድ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይወስዳል። ቅዝቃዜ እርሾውን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም፤ ጭማቂው ውስጥ ገና ብዙ ስኳር ስላለ ጠርሙሱን ብትረሳው ግፊቱ እየጨመረ ይሄዳል። የመስታወት ጠርሙስ ፈጽሞ አትጠቀም፤ ሲፈነዳ ስባሪው ዓይን ያጠፋል። ጋዝ ለሌለው ውኃ የሚሠራው ስስ የፕላስቲክ ጠርሙስም አይሆንም። ዶርማችሁ ማቀዝቀዣ ከሌለው ሐሳቡን ተወው።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ የእንጀራ እርሾ አይሆንም?

መልስ፦ ጋዝ ይሰጣል፤ ነገር ግን እርሾውና ባክቴሪያው የተደባለቀ በመሆኑ የጤፍ ቡሆ ጣዕም ያለው ማንጎ ይጠጣሉ።

ጥያቄ (ከመርካቶ)፦ በሃይማኖታችን አልኮል አይፈቀድም። በእርሾ የሚሠራው መጠጥ ምን ያህል አልኮል አለው?

መልስ፦ የተለመደውን የለስላሳ ያህል ጋዝ ለማግኘት እርሾው በአንድ ሊትር ውስጥ 10 ግራም ገደማ ስኳር ይበላል፤ ከዚህም የሚገኘው አልኮል ወደ ግማሽ በመቶ ይጠጋል። ጠርሙሱ በቆየ ቁጥር መጠኑ ይጨምራል። ከአልኮል ፈጽሞ ለሚርቅ ሰው፣ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር እናቶች ይህን መንገድ አልመክርም። ከአምቦ ውኃ ወይም ከማሽን የሚገኘው ባለጋዝ ውኃ አልኮል የለውም።

ጥያቄ (እናት፣ ከአራዳ)፦ ልጆቼ ቤኪንግ ሶዳና ሎሚ ብርጭቆ ውስጥ እየቀላቀሉ ይጠጣሉ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አልፎ አልፎ ቢጠጡት ጤነኛ ልጅ አይጎዳም፤ የዘወትር መጠጥ ግን ሊሆን አይገባም። ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ሶዲየም አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት የቤተሰብ አባል ካለ ይከልከል። ጣዕሙ ጨው ጨው የሚለውም በዚሁ ሶዲየም ነው። ለአንድ ብርጭቆ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳና ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይበቃል፤ አረፋው በርዶ ሳያበቃ እንዳይጠጡት፣ በተከደነ ጠርሙስ ውስጥም እንዳይቀላቅሉት ይንገሯቸው። ሎሚው ጥርስ ስለሚጎዳ ከጠጡ በኋላ አፋቸውን በውኃ ይጉመጥመጡ።

ጥያቄ (ከሳር ቤት)፦ እህቴ ከውጭ አገር የሶዳ ማሽን ልታመጣልኝ ነው። ጋዙ ሲያልቅ የብየዳ ቤት ጋዝ መሙላት እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። የብየዳ ጋዝ ሲሊንደር ለምግብ ተብሎ ያልተጣራና ዘይት ወይም ሌላ ቆሻሻ ሊኖረው የሚችል ነው፤ ለምግብ የተፈቀደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ አይሞላም። እህትዎ የተሞላውን ሲሊንደር በአውሮፕላን ሻንጣ ይዛ መምጣት እንደማይፈቀድላትም አስቀድመው ይንገሯት፤ አለዚያ ማሽኑ ያለ ጋዝ ይቀመጣል። ማሽኑ ሲደርስዎ ጋዝ የሚገባው በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው። ጭማቂ ወይም ስኳር ቀድሞ ከገባ አረፋው ወጥቶ የማሽኑን አፍ ይደፍነዋል። ጋዙ በውኃው፣ ፍሬው በኋላ የምለው ስለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ የቧንቧ ውኃ ማፍላት ያስፈልጋል?

መልስ፦ ቢፈላ ይሻላል። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ለሚኖሩ የሚመከረው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው። መፍላቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ በውኃው ውስጥ የነበረው አየር ስለሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በቀላሉ ይገባል።

ጥያቄ (ከመርካቶ)፦ የተረፈውን መጠጥና ሽሮፑን ስንት ቀን ማቆየት ይቻላል? መብራት ቢጠፋስ?

መልስ፦ የተቀላቀለው መጠጥ በዕለቱ ይጠጣ፤ ሽሮፑንና ውኃውን ለየብቻ አስቀምጦ በየብርጭቆው መቀላቀል ከሁሉ ይሻላል። ከላይ የገለጽሁት ሽሮፕ ስኳሩ ብቻውን ከመበላሸት ሊጠብቀው የሚችልበት ደረጃ ላይ ስላልደረሰ፣ በፈላ ውኃ በታጠበ ጠርሙስና በማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ ከአንድ ሳምንት እንዳያልፍ። ክዳኑ ሲከፈት ተስ ካለ ወይም አረፋ ካሳየ መቡካት ጀምሯልና ይደፋ። መብራት ሲጠፋ የማቀዝቀዣው በር ሳይከፈት ከቆየ እስከ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ በእርሾ የተዘጋጁትን ጠርሙሶች በጣትዎ እየተጫኑ ይፈትሹ፣ የጠነከረውንም ክዳኑን በጥቂቱ ፈታ አድርገው ጋዙን ያስተንፍሱት።