ለሚኒ ሚዲያ ልጆች፦ ከማጋራታችሁ በፊት ወደ ውኃው ዳር ውረዱ

ውድ ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባሕር ዳር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆችን ቅዳሜ ቅዳሜ አስተምራለሁ። ደብዳቤዬ ለእነሱም፣ በየትምህርት ቤቱ በሰልፍ ሰዓት ማይክ ለምትይዙ ሁሉም ነው።

በቅርቡ አንዷ ተማሪዬ ስልኳን ይዛ መጣች። ምስሉ ከዳር እስከ ዳር እምቦጭ በሚባለው የውኃ አረም ተሸፍኖ አረንጓዴ ነው፤ ውኃ የሚባል አይታይም። ከሥሩ «ጣና ዛሬ» ይላል። ልጅቱ እንባዋ አቅርሯል፣ የሰኞውንም ዜና ጽፋ ጨርሳለች። «ተነሡ» አልኳቸውና ወደ ሐይቁ ወረድን።

በከተማው በኩል ውኃው እንደ ወትሮው ነበር። አንድ አረጋዊ ዓሣ አጥማጅ ደንገል ታንኳቸው አጠገብ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ስልኩን ራቅ አድርገው አዩት። «ልጄ፣ ይሄ የእኛ ዳር አይደለም። እምቦጩ የሚበረታው በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው። ደግሞ ነፋስ ይነዳዋል፤ ዛሬ ያየሽውን ነገ እዚያው አታገኚውም» አሏት። ወዲያው ምስሉን በጎግል ስታፈላልገው ከዓመታት በፊት ተለጥፎ አገኘችው። ፎቶው የእውነትም የጣና ነው። «ዛሬ» የምትለውን ቃል ግን ማን እንደጨመራት አይታወቅም።

«መቼ?» የሚለው ጥያቄ በእኛ አገር ሁለት እጥፍ ይከብዳል። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አንዱ ተማሪ ከእንግሊዝኛ ሲገለብጥ «በ2011 ዓ.ም.» ብሎ ጻፈው። ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ ከአረሙ ጋር የታገሉባቸው ሰባት ዓመታት በአንድ መስመር ተሰረዙ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ የውጭ ጽሑፍ ላይ ያለው 8 ሰዓት ጠዋት ከሆነ ለእኛ 2 ሰዓት ነው። ዓመተ ምሕረት ስታዩ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳትጠይቁ አትለፉ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለበደልኩ ነው። ገና ጀማሪ ጋዜጠኛ ሳለሁ አንድ ሰው ደውሎ ወደ ዘጌ የሄደች ጀልባ ሰጠመች አለኝ። ሌላ ሰው ሳልጠይቅ ጻፍኩት፤ ዜናው በሬዲዮ ተነበበ። ጀልባዋ ሞተሯ ጠፍቶባት ኖሮ ሲመሽ ሰዎቿን ይዛ በደኅና ገባች። እኔ ወደቡ ስደርስ ግን አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ከጀልባዋ ወርዶ ሲያቅፋቸውም ልቅሷቸውን ማቆም አልቻሉም። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ መልስ አልሰጡኝም። ሁለተኛ ስልክ ብደውል ኖሮ የሚፈጅብኝ አምስት ደቂቃ ነበር።

ስለ ቀረጻው ብዙ አልልም፤ እጃችሁ ከእኔ ይፈጥናል። የሐይቅ ነፋስ ድምፅ ያበላሻልና ለነፋሱ ጀርባችሁን ስጡ፣ ስልኩን ወደሚናገረው ሰው አስጠጉ። ቪዲዮ ስታነሡ ስልኩን አግድም ይዛችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ካሜራውን ወዲያ ወዲህ አታንከራትቱት። መጀመሪያ ሐይቁን፣ ቀጥሎ ሰውየውን፣ ከዚያ እጃቸውን አንሡ። እኚያ አረጋዊ መርፌውን በመረቡ ቀዳዳ ሲያሾልኩ አውራ ጣታቸው ላይ ያለው የገመድ ጠባሳ አንድ ገጽ ጽሑፍ የማይነግረውን ይነግራል። የታንኳዋን መቅዘፊያ ድምፅም ለብቻው ቅዱ፣ ስታቀናብሩ ትፈልጉታላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ ጠይቁ፤ ስማቸውንም ራሳቸው እንደሚጠሩት ጻፉ።

ተማሪዬ የሰኞውን ዜና ቀደደችና ስለ መረቡ ሌላ ጀመረች። አረጋዊው አየር ላይ ሳይውል እንድታሰማቸው አደራ ብለዋታል። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደ እሳቸው እንወርዳለን፤ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ።