ፀጉሩ እየረገፈ የማይታከክ ውሻ፦ ስለ ኩሺንግ ሕመምና ስለ ቆዳ ችግሮች ጥያቄና መልስ

በመሐል አዲስ አበባ ውሻ የምናሳድግ ሰዎች ባዘጋጀነው በዚህ የጥያቄ ጊዜ መልስ የሚሰጡን ከአባሎቻችን አንዱ የሆኑት የእንስሳት ሐኪም ናቸው።

ሐኪሙ፦ ከመጀመራችን በፊት አንድ ልመና አለኝ። የውሻውን ዕድሜና ክብደት፣ እስካሁን የተወጋውን ወይም የተቀባውን መድኃኒት ስም፣ እንዲሁም መታከክ አለመታከኩን ሳትጽፉ ጥያቄ አታቅርቡ።

ከአራት ኪሎ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ውሻዬ የፑድል ቅልቅል ናት፤ ዕድሜዋ 9 ዓመት፣ ክብደቷ 8 ኪሎ ነው። ከሁለቱም ጎኗ ፀጉሯ እኩል ሳስቷል፤ ሆዷ ወደ ታች ወርዷል፤ ሌሊት ቤት ውስጥ መሽናት ጀምራለች። ምንም አትታከክም፤ መድኃኒትም ወስዳ አታውቅም። ጎረቤቶቼ እርጅና ነው ይሉኛል።

ሐኪሙ፦ እንዲህ ተሟልቶ የቀረበ ጥያቄ ደስ ይላል። እርጅና ፀጉር ያሸብታል እንጂ ግራና ቀኝ እኩል አያራግፍም። የጠቀሷቸው ምልክቶች አንድ ላይ ሲታዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኩሺንግ ሕመም ነው። ስሙ የተወሰደው ሕመሙን በሰው ላይ እ.ኤ.አ. በ1932 ከገለጸው አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ከሃርቪ ኩሺንግ ነው። ከኩላሊት አጠገብ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ለረጅም ጊዜ ከመጠን በላይ ሲያመነጩ ይከሰታል። ከ100 የታመሙ ውሾች ከ80 እስከ 85 በሚሆኑት መነሻው ከአንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ ዕጢ ላይ የሚበቅል ትንሽ ዕባጭ ሲሆን፣ በቀሩት ደግሞ ዕባጩ ያለው በራሱ በአድሬናል ዕጢው ላይ ነው።

የበዛው ኮርቲሶል የሰውነትን ፕሮቲን ስለሚያፈርስ ቆዳ ይሳሳል፣ የፀጉር ሥር ሥራውን ያቆማል፣ የሆድ ጡንቻ ይላላል፤ ጉበትም ስለሚያብጥ ሆድ ይዘረገፋል። ራስና እግር ፀጉራቸውን ይዘው ጎንና ሆድ ሲራቆቱ፣ በሆድ ቆዳ ሥር የደም ሥሮች ሲታዩ፣ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ሲወጡ፣ የተላጨ ቦታ ለወራት ሳይበቅል ሲቀር፣ እንስሳው ሳይሮጥ ሲያለከልክና ከወትሮው በላይ ሲበላ ልብ በሉ።

አሁን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። አንድ ሊትር በሚይዝ የሃይላንድ ዕቃ እየለኩ ይስጧትና በ24 ሰዓት የጠጣችውን ለሦስት ቀን ይመዝግቡ። በኪሎ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ፣ ማለትም ለእርስዎ ውሻ ከ800 በላይ ከሆነ ከመጠን ያለፈ ነው። ሌሊት እንዳትሸና ብለው ግን ውሃ እንዳይከለክሏት! ውሃ ማብዛት የስኳርና የኩላሊት ሕመም ምልክትም ነው፤ ማኅፀኗ ላልወጣ ሴት ውሻ ደግሞ በቀናት ውስጥ የሚገድለው የማኅፀን መግል ምልክት ሊሆን ይችላል።

ከፒያሳ፦ የኔም ውሻ ቆዳው ተበላሽቷል። ምን ልስጠው?

ሐኪሙ፦ ዕድሜው፣ ክብደቱ፣ መታከክ አለመታከኩ የለም። በዚህ ላይ ተመሥርቼ መድኃኒት አልጠራም።

ከካዛንቺስ፦ የኔ ውሻ 4 ዓመቱ፣ 20 ኪሎ ነው። በጣም ስለሚታከክ ዓመት ሙሉ በየወሩ ዴክሳሜታዞን ይወጋል። አሁን ፀጉሩ እየረገፈ ነው፤ ውሃም ያበዛል። መርፌውን ላቁመው?

ሐኪሙ፦ በድንገት አያቁሙ። ይህን በተገናኘን ቁጥር እላለሁ፤ ዛሬም እደግመዋለሁ። ዴክሳሜታዞንም ሆነ ፕሬድኒሶሎን ኮርቲሶልን ተክተው ስለሚሠሩ፣ ሲደጋገሙ በዕባጭ ከሚመጣው ሕመም ጋር ምልክቱ አንድ የሆነ ኩሺንግ ያመጣሉ። ለሰው የሚሸጠው የቤታሜታዞን ቅባትም ዘወትር ከተቀባ በቆዳ ሠርጎ፣ ሲላስም በአፍ ገብቶ ይህንኑ ያደርጋል። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ የውሻው አድሬናል ሥራ ፈትቶ ይሟሽሻል፤ መድኃኒቱ በአንድ ቀን ሲቋረጥ ከውጭም ከውስጥም ስለማያገኝ ሊያስመልሰው፣ ሊዝለፈለፍና ሊሞት ይችላል። ሐኪም እያየው ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት።

የሚያሳዝነኝ የመጀመሪያው ማሳከክ ምክንያት አለመፈለጉ ነው። ቁንጫ ነው? በጆሮ ጠርዝና በክርን ላይ ጀምሮ ለቤተሰብም የሚተርፈው እከክ ነው? ቆዳውን በስለት ፍቆ በማይክሮስኮፕ ማየት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ዴሞዴክስ የተባለችው ጥቃቅን ተባይ ከሆነችም መርፌው ሰውነቱን እያዳከመ እንድትራባ ያደርጋታል። እሷ በጎልማሳ ውሻ ላይ ስትታይ ደግሞ የመከላከል አቅሙን ያደከመው ምን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ኩሺንግ ነው።

ከስድስት ኪሎ፦ አባቴ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ብዙ ውሻ አድኗል። ይህ ሁሉ የፈረንጅ ውሻ በሽታ ነው።

ከካዛንቺስ፦ ወንድሜ፣ እኔም ቀብቼ አይቻለሁ፤ ውሻዬ ልሶት ሁለት ቀን አስመለሰው።

ከስድስት ኪሎ፦ መጠኑን አብዝተህ ይሆናል።

ሐኪሙ፦ ትክክለኛ መጠን የሚባል የለውም። የተቃጠለ ዘይት ቆዳ ያቆስላል፣ ሲላስም ይመርዛል፤ በኩሺንግ የሳሳ ቆዳ ላይ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። ሕመሙም ዘር አይመርጥም፤ ፑድል፣ ዳክስሁንድ፣ ቦክሰርና ትናንሽ ቴሪየሮች ላይ ይበዛል እንጂ የሐበሻ ውሻም ይይዘዋል። በዕባጭ የሚመጣው በአብዛኛው ከ6 ዓመት በኋላ ይታያል።

ከአራዳ፦ ምርመራው የት ይደረጋል? መድኃኒትስ አለው?

ሐኪሙ፦ ቦታ አልጠቁምም፤ ደውለው የሆርሞን ምርመራ እንደሚሠሩ ያረጋግጡ። የተለመደው ምርመራ በጥቂት ዴክሳሜታዞን የሚደረግ ሲሆን ደም ከመርፌው በፊት፣ ከ4 ሰዓትና ከ8 ሰዓት በኋላ ይወሰዳል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ትራይሎስታን የተባለው መድኃኒት የኩሺንግን ምልክቶች ይቆጣጠራል እንጂ ዕባጩን አያጠፋም፤ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ይሰጣል። ውሻው ካስመለሰው፣ ምግብ ከተወ ወይም ከዛለ መድኃኒቱ ይቁምና በዚያው ቀን ይታይ።

ከፒያሳ፦ ፀጉሩ ይረግፋል። ዴክሳ ላስወጋው?

ሐኪሙ፦ እባክዎ ለካዛንቺሱ አባል የጻፍኩትን ያንብቡ። አይሆንም።

ከአራዳ፦ ሽሮ ፀጉር ያረግፋል ይባላል?

ሐኪሙ፦ ኩሺንግን ምግብ አያመጣውም። ሽንኩርት የገባበት ወጥ ግን ለውሻ መርዝ ነው።

ከአራት ኪሎ (ከሦስት ቀን በኋላ)፦ ዶክተር፣ የጠጣችውን ውሃ ሦስቱን ቀን ለካሁ፦ 1,100፣ 1,050 እና 1,200 ሚሊ ሊትር ሆነ። ማኅፀኗ አልወጣም፤ ለመጨረሻ ጊዜ ወንድ የፈለገችው ከሁለት ወር በፊት ነው።

ሐኪሙ፦ እንግዲያው ኩሺንግ ይቆየን። የማኅፀን መግል የሚበዛው ወንድ ከፈለገች በኋላ ባሉት ሳምንታት ስለሆነ ዛሬውኑ ወስደው ማኅፀኗን በአልትራሳውንድ ያሳዩ። ሽንቷን በንጹሕ ዕቃ ይያዙላት፤ የመዘገቧቸውንም ቁጥሮች ለሐኪሙ ያሳዩ። ማኅፀኗ ደኅና ከሆነ የስኳርና የኩላሊት ምርመራ ይቀጥላል፤ የሆርሞኑ ምርመራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።