ቱቦ የሌለው ፓምፕ እንዳትገዛ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ለውድድርም ለረጅም ጉዞም የሚሆን አንድ ተንቀሳቃሽ ፓምፕ እፈልጋለሁ፣ ጎማዬ ባለ 25 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኪስ የምትገባዋን አጭሯን ልግዛ ወይስ በትንሽ የብረት ብልቃጥ የታመቀው ጋዝ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ይሻለኛል ነው ያልከው። ከላይ ሁለት ሦስት ሰው «የትኛውም ይሰራል» ብሎ ሲመልስልህ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የትኛውም አይሰራም። እኔ ይችኑ ምክር ሰምቼ የአምስት ወር ልፋቴን መንገድ ዳር ጥዬ መጥቻለሁ።

ስለ ጎማ አቀያየር አላወራህም። እሱን እንደምትችል ገምቻለሁ። ቫልቭህም ቀጭኑ፣ ፕሬስታ የሚባለው ነው ብዬ ነው የምጽፍልህ።

1. ቱቦ ያለው ይሁን

ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይሄን እንዳትረሳ። የእጅ ፓምፕ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አፉ በቀጥታ ቫልቩ ላይ ይሰካል። ሌላኛው በመሃል አጭር ተጣጣፊ ቱቦ አለው። መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ስታያቸው የመጀመሪያው ያምራል። አጭር ነው፣ ቀላል ነው፣ የሚንጠለጠል ነገር የለውም። ለእኔም ሻጩ እሱን ነበር ያነሳልኝ። «ቱቦ ያለውስ?» ስለው «ትርፍ ክብደት ነው፣ ተወዳዳሪዎች አይዙትም» አለኝ። በእርግጠኝነት ነበር የሚናገረው። አመንኩትና ገዛሁ።

ውድድሩ 90 ኪሎ ሜትር ነበር። አጃቢ መኪና የለም፣ ቸርኬ የሚያቀብልህ የለም፣ ሁሉም ራሱን ይችላል። 60ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከፊተኞቹ 12 ሰዎች ጋር ነበርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እግሬ ሰርቶልኝ አያውቅም። የኋላ ጎማዬ ፍሽሽ ሲል ሰማሁት። አልደነገጥኩም። ወረድኩ፣ ፈታሁ፣ ጣቴን በጎማው ውስጥ አዙሬ የወጋውን የመስታወት ስባሪ አገኘሁና ነቀልኩት፣ አዲሱን ከመነዳሪ አስገባሁ። አራት ደቂቃ አልሞላም። ከዚያ ፓምፑን ሰካሁ።

የፕሬስታ ቫልቭ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ነው፣ የመኪናው ዓይነት 8 ነው። እዚያ ቀጭን ነገር ላይ ፓምፑን በቀጥታ ስትሰካ፣ በገፋህ ቁጥር ፓምፑ ወዲያ ወዲህ ይላል። ያ ሁሉ መወዛወዝ የሚያርፈው ቫልቩ ከላስቲኩ ጋር በተጣበቀበት ሥር ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ምንም አይታወቅህም፣ ጎማው ገና ለስላሳ ነው። እየጠነከረ ሲመጣ ክንድህ ይዝላል፣ ሲዝል ደግሞ ቀጥ አድርገህ መግፋት ታቆማለህ። 120 ጊዜ ያህል ገፍቼ ነበር። ሌላ ቡድን እየተጯጯኸ ሲያልፈኝ ቀና አልኩ፣ እጄ ግን እየገፋ ነው። ያኔ ከቸርኬው ውስጥ ቀጭ አለ። ቫልቩ እንደላላ ጥርስ እጄ ላይ ዞረ። ጎማው በአንዴ ተኛ።

አውጥቼ አየሁት። ቫልቩ ከሥሩ ግማሽ ክብ ተቀዷል። እዚያ ቦታ ላይ የተቀደደ ከመነዳሪ በምንም አይለጠፍም፣ ልጣፊው የሚይዝበት ጠፍጣፋ ቦታ የለውም። መስታወቱ የወጋውን የመጀመሪያውን ግን መለጠፍ ይቻል ነበር። ልጣፊ አልያዝኩም። እሱንም «ትርፍ ክብደት» ብዬ ቤት ትቼው ነበር። እንግዲህ በሳይክል ጫማ፣ ያ ጠንካራ ሶሉ አስፋልት ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ፣ የመጨረሻው መኪና መጥቶ እስኪያነሳኝ ሁለት ሰዓት በእግሬ ሄድኩ። አብረውኝ ከነበሩት ሁለቱ መድረክ ላይ ወጡ። ይሄን ስጽፍልህ አሁንም ሆዴን ይበላኛል።

አንዳንዱ «ውድድር ላይ ፓምፕ ምን ያደርጋል» ይላል። አጃቢ መኪና ላለው እውነት ነው፣ ቸርኬውን ለውጠውለት ይሄዳል። የእኛ ዓይነቱ ውድድር ግን ከድሮው ዘመን ብዙም አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ1913 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ዩጂን ክሪስቶፍ የሚባል ፈረንሳዊ የቱርማሌን ተራራ ሲወርድ የፊት ሹካው ተሰበረበት። ሳይክሉን ተሸክሞ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ሄዶ አንድ መንደር ውስጥ የአንጥረኛ ቤት አገኘና ብረቱን ራሱ ቀጥቅጦ በየደው። እጁ ስላልበቃው አንድ ትንሽ ልጅ ወናፉን ነፋለት። ዳኞቹ «ሰው ረድቶሃል» ብለው ለዚያች ወናፍ ቅጣት ጨመሩበት! ይሄን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር ያ መንገድ ዳር ፊቴ ላይ ይመጣል። የራስህን ወናፍ ራስህ ያዝ።

2. የተጻፈበትን ቁጥር አትመን፣ የበርሜሉን ውፍረት እይ

ብዙ ፓምፕ ላይ «120 ፒኤስአይ»፣ «140 ፒኤስአይ» የሚል የግፊት ቁጥር አለ። ፓምፑ ይችለው ይሆናል። ያንተ ክንድ ይችለዋል ወይ ነው ጥያቄው። ሂሳቡ ቀላል ነው። ለአንተ ጎማ 6 ባር ገደማ ይበቃሃል፣ ማለትም 87 ፒኤስአይ። ልምድህ 7 ባር ነው እንበል። የውስጥ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጭን ፓምፕ ከሆነ መጨረሻ ላይ ወደ 22 ኪሎ በሚሆን ጉልበት ነው የምትገፋው። ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን ወደ 50 ኪሎ ይሄዳል። በአንድ ሳንቲ ሜትር ልዩነት! ወፍራሙ ለተራራ ሳይክል ጥሩ ነው፣ ያ ጎማ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ንፋስ በትንሽ ግፊት ነው የሚፈልገው። ለመንገድ ሳይክል ቀጭን ውሰድ።

ቀጭን ማለት ደግሞ ብዙ ጊዜ መግፋት ማለት ነው። እንደ ፓምፑ ርዝመት 200 ጊዜም 300 ጊዜም ልትገፋ ትችላለህ። ስለዚህ በጣም አጭሯን አትውሰድ። ኪስ የምትገባው ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ታምራለች፣ ግን ዕድሜህን ትጨርሳለህ። ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሁን፣ ከውሃ መያዣው ጎን ፍሬሙ ላይ እሰረው። ስትነፋ በርሜሉ ይግላል፣ የሚታመቅ አየር ስለሚሞቅ ነው፣ ብረቱን በባዶ እጅ ከያዝከው ይጠብስሃል። ቱቦ ያለው እዚህም ይጠቅምሃል፣ ከቫልቩ ራቅ አድርገህ በፈለግከው በኩል ትይዘዋለህ።

ለጉዞ ብቻ ቢሆን ኖሮ እግር ያለውን ነበር የምመክርህ። የቶፒክ ኩባንያው ሮድ ሞርፍ እንደዛ ነው። ትንሿን እግር ትዘረጋለህ፣ መሬት ላይ ትረግጠዋለህ፣ እጀታው እንደ መስቀል ይዞርልሃል፣ በሰውነትህ ክብደት ከላይ ወደ ታች ትጫነዋለህ። ወደ 35 ሳንቲ ሜትር ስለሚረዝም ለውድድር ይከብድሃል እንጂ ከቤቱ ትልቅ ፓምፕ ብዙም አይተናነስም።

3. የሚጠመዘዝ ቱቦ ከሆነ የቫልቭህን ልብ አጥብቅ

ከዚያ ውድድር በኋላ ባለ ቱቦ ገዛሁ። የቱቦው አፍ ቫልቩ ላይ እንደ ብሎን ይጠመዘዛል። በጣም ጥሩ ነው፣ ንፋስ አያፈስም። አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። የፕሬስታ ቫልቭ የውስጡ ክፍል፣ ልቡ በለው፣ በብዙዎቹ ላይ ተፈትቶ ይወጣል። ዝናብ ላይ፣ ሊመሽ ሲል፣ 250 ጊዜ ያህል ነፍቼ ጨርሼ ቱቦውን ስፈታ የቫልቩ ልብ ከቱቦው ጋር አብሮ ወጣ። ያ ሁሉ ንፋስ ፊቴ ላይ ወጣ። መልሼ አጠበቅኩ፣ መልሼ ነፋሁ፣ ስፈታ ደግሞ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ።

መፍትሄው ቤት ውስጥ ሁለት ደቂቃ ነው። ቫልቩን ጫፉ ላይ እየው። ጎንና ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ ከሆነ ልቡ ይወጣል ማለት ነው። በትንሽ ፒንሳ ወይ ለእሱ በተሰራች ቁልፍ ረገጥ አድርገህ አጥብቀው፣ ግን አትጨፍልቀው። የምትይዘውን ትርፍ ከመነዳሪም እንዲሁ። ሌላው፣ አንዳንድ ፓምፖች ቱቦው ጫፍ ላይ የታመቀውን ንፋስ የሚለቅ ቁልፍ አላቸው፣ የሌዛይን ፓምፖች ላይ አለ። እሱን ተጭነህ ቱቦው ውስጥ ያለውን ንፋስ አስወጣ፣ ከዚያ ፍታ። ያኔ በቀላሉ ይላቀቃል፣ ልቡን ይዞት አይወጣም። ይሄን ካደረግኩ ጀምሮ አንድም ቀን አልወጣብኝም።

4. ጋዙ

ለውድድር ጋዝ ያዝ፣ እሱን አልከለክልህም። ባለ 16 ግራም ብልቃጥ የአንተን ዓይነት ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ይሞላዋል። ነገር ግን አንድ ብልቃጥ አንድ ዕድል ነው። ከሳትክ አለቀ። ስትለቀው ብረቱ በረዶ ይሠራል፣ ጣትህ ላይ ይጣበቃል፣ ስለዚህ ጓንት ወይ ጨርቅ ያዝ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ላስቲክ ውስጥ ከአየር ፈጥኖ ያልፋል። ማታ ጠንካራ የነበረው ጎማ ጧት ልፍስፍስ ብሎ ብታገኘው ተበሳ ብለህ አትደንግጥ። አስተንፍሰህ በአየር ሙላው።

ለጉዞ ግን ጋዝ ላይ ተማምነህ እንዳትነሳ። አውሮፕላን የምትሳፈር ከሆነ በተለይ። አየር መንገዱ ካልፈቀደ አይገባም፣ የፈቀደውን ደግሞ ፈታሹ ላያውቀው ይችላል። እኔ አስቀድሜ ደውዬ «ትንንሽ ከሆኑ ችግር የለም» ተብዬ ነበር። ፈታሿ ሻንጣዬን ከፈተችና አራቱንም ብልቃጥ በሁለት ጣት አንስታ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ቅርጫት ውስጥ ጣለቻቸው። ለማስረዳት ስሞክር «ቀጣይ!» ብላ ከኋላዬ ያለውን ጠራች። የተናደድኩት በብልቃጦቹ አይደለም፣ እንደ ሰው ቀና ብላ ብታናግረኝ ምን ነበረበት? ከዚያ ወዲህ ፈቃድ በጽሑፍ ካልተሰጠኝ ጋዝ ይዤ አልሄድም። የእጅ ፓምፕ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

5. ኤሌክትሪኩ

ሰሞኑን ሁሉም ስለነዚህ በባትሪ ስለሚሰሩ ትንንሽ ፓምፖች ነው የሚጠይቀው። ለውድድር ያምራሉ። ጎማ በደቂቃ ገደማ ይሞላሉ። ትንንሾቹ ግን አንዴ ሞልተሃቸው ጥቂት ጎማ ነው የሚነፉት፣ ቻርጅ ማድረጊያ በሌለበት ጉዞ ላይ ያልቁብሃል። ባትሪያቸው ሊቲየም ስለሆነ በአውሮፕላን ስትሄድ ከአንተ ጋር በእጅ ሻንጣ ያዛቸው።

አሁን የምይዘውን ልንገርህ። ቀጭን፣ ባለ ቱቦ፣ 22 ሳንቲ ሜትር ፓምፕ ፍሬሙ ላይ። ሁለት ከመነዳሪ፣ ስድስት ልጣፊ። ለውድድር ቀን አንድ ብልቃጥ እጨምራለሁ። ባለፈው የስምንት ቀን ጉዞ ላይ አራት ጊዜ ጎማ ተበሳብን፣ አንዱ የእኔ ነበር፣ ሦስቱ የጓደኞቼ። ሁለቱ ያንን አጭሩን ቱቦ የሌለውን ይዘው ነበር የመጡት። አራቱንም የነፋው የእኔ ፓምፕ ነው። አንደኛው ጓደኛዬ ከመመለሱ በፊት ፓምፑን አገላብጦ አይቶ «የት ነው የገዛኸው?» አለኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም።

አቧራና ጭቃ ስለሚመታው በየሁለት ሦስት ወሩ ክፈተው፣ ውስጡ ያለችውን የላስቲክ ቀለበት ጥረግና የሲሊኮን ግራሶ ቀባ አድርግላት። ስትደርቅ ነው ፓምፕ «ሞተ» የሚባለው። ብዙ ሰው በዚች ምክንያት ደህናውን ፓምፕ ይጥላል።

የግፊት መለኪያውን ነገር ጠይቀህ ነበር። ትንንሾቹ ላይ ያለው ብዙም አይታመንም፣ ለእሱ ብለህ ምርጫህን አታጥብብ። አውራ ጣትህን ቤት ውስጥ አስለምደው። በትልቁ ፓምፕ 6 ባር ሙላና ጎማውን ከጎን ጫን ጫን እያደረግክ ጥንካሬውን ልብ በል። መንገድ ላይ 4 ባር እንኳ ብታደርስ ጉድጓድ እየሸሸህ ቤትህ ትገባለህ።

አዲሱን ፓምፕ የገዛህ ቀን ደግሞ ማታውኑ የኋላ ጎማህን ሙሉ በሙሉ አስተንፍስና በእሱ ብቻ እስከ መጨረሻው ሙላው፣ ክንድህ ሲዝል ቫልቩ ቀጥ ብሎ መቆሙን እያየህ። የምታስበውን ፓምፕ ፎቶ እዚህ ለጥፍልኝ፣ አፉ በደንብ የሚታይበትን።