ቲቸር፣ የልጁን እንቅልፍ በስልክ አስቀርጪ

ኮምቦልቻ ኬጂ 1 የምታስተምሪው እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። አራት ዓመት የሞላው ልጅ፣ አፉ ሁሌ ክፍት፣ በእንቅልፍ ሰዓት የሚያንኮራፋ፣ ንግግሩ ከእናቱ በቀር ለማንም የማይገባ። እናቱ ደግሞ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» ብላ ዘጋችሽ። ልጁን ሳላየው አወቅኩት። እዚህ ደሴ የኔም ክፍል ቁርጥ እሱን የሚመስል ልጅ ነበረ። «ያድግና ይተወዋል» የሚሉሽን እለፊያቸው።

እንዳይምታታብሽ በቁጥር ልጻፍልሽ።

1. የበሽታ ስም አትጥሪ። ያየሽውን ብቻ ተናገሪ። ሌላ ትምህርት ቤት የምታስተምር ጓደኛዬ አንዷን እናት «ልጅሽ ኦቲዝም ሳይኖርበት አይቀርም» አለቻት። እናትየው በሳምንቱ መልቀቂያ ወስዳ ልጇን አስወጣች። ልጁም ሳይታይ ቀረ። አንቺ ግን «አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፣ ሲተኛ ያንኮራፋል፣ ከኋላው ስጠራው አይዞርም» ብለሽ ከነቀኑ ከጻፍሽ ማንም ሊጣላሽ አይችልም። የእንቅልፍ ሰዓቱንና የምሳ ሰዓቱን የምታዪው አንቺ ነሽ። ሐኪሙ የሚያየው ነቅቶ፣ ፈርቶ፣ እናቱ ጉያ የተሸጎጠ ልጅ ነው። በነገራችን ላይ የሚያንኮራፋ ልጅ ሁሉ ቀን ላይ አያንቀላፋም። እንቅልፉን ስላልጠገበ የሚቅበጠበጥ፣ የሚማታ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችልም አለ። የኔው «ረባሽ» ተብሎ ነበር የተሰጠኝ።

2. «መ» እና «ነ» የሚሉትን ድምፆች ሲያወጣ አዳምጪ። ይሄን ማንም አይነግርሽም። አፍንጫው የተዘጋ ልጅ መ ሲል በ፣ ነ ሲል ደ ይወጣዋል። የኔው ምሳ ዕቃውን ከፍቶ «ቡዝ» ይለኛል፣ ሙዝ ማለቱ ነው። እናቱን «እባዬ»፣ ነገን «ደገ»። «ረ»ን «ለ» ማለት በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፣ እሱ አያስደንግጥሽ። በተቃራኒው «በ» እና «ደ» ጭምር በአፍንጫው የሚወጣበት፣ ወተት ሲጠጣ በአፍንጫው የሚመለስበት ልጅ ካለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ላንቃው መታየት አለበት።

ትንሽ መስታወት ከአፍንጫው ስር ያዢና በአፍንጫው እንዲተነፍስ በጨዋታ ጠይቂው። በእጅሽ አፉን እንዳትዘጊበት ብቻ። ደሴ ጠዋት ብርድ ስለሆነ መስታወቱ ወዲያው ጉም ይለብሳል። እናንተ ጋ ሙቀት ስለሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ነክረሽ ጥረጊው። እኔ ስሞክረው የሌሎቹ ልጆች መስታወት ጉም ሲለብስ የኔው ልጅ ደረቅ ሆኖ ቀረ።

3. ጆሮ። ሰው ሁሉ ምላሱን ነው የሚያየው። በጨዋታ ሲመሰጥ ከኋላው ሆነሽ ዝቅ ባለ ድምፅ ጥሪው። እግርሽን አትምቺ፣ ወለሉ ይነግረዋል። «እ? እ?» የሚያበዛና አፍ አፍሽን የሚያይ ከሆነ የንግግሩ ነገር ከመስማት የመጣ ሊሆን ይችላል።

4ኛውን ልጽፍ ነበር፣ ግን እውነቱን ለመናገር የደረሰብኝ ይቀድማል። የኔው ልጅ እናት ያየሁትን የጻፍኩበትን ወረቀት ይዛ ክሊኒክ ሄደች። የተቀበላት ሰው አንብቦ ሳይጨርስ «ቲቸሯ ሀሁዋን ታስተምር» አላትና አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ጻፈላት። አፍንጫው አልታየ፣ ጆሮው አልታየ። ሽሮፑ ሲያልቅ ሌላ ሽሮፕ። ወራት እንዲህ አለፉ፣ ገንዘቡም አለቀ። እስካሁን ያ ንግግር ያንገበግበኛል። የኛ ዳይሬክተር በበኩሏ «ልጅ በሽተኛ ነው እያልሽ ወላጅ አታሽሺብን» ትለኛለች።

ከዚያ አያቱ ገቡበት። «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ እናስቆርጠው» አሉ። ይሄኔ አላስቻለኝም፣ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈልቷል፣ የእጣኑ ጭስ ቤቱን ሞልቶታል፣ ልጁ ጥግ ላይ ጋደም ብሎ ይስላል። «እማማ፣ እንጥሉ ቢቆረጥ አፍንጫው አይከፈትም» አልኳቸው። ደም ሊፈሰው እንደሚችል፣ ቁስሉ እንደሚያመረቅዝ፣ ከምላጩ ቴታነስ ሊይዘው እንደሚችል ነገርኳቸው። ተቆጡኝ። ሦስተኛው ስኒ ላይ ነው «በይ እንግዲህ ልጄ፣ ሐኪም ይየው» ያሉት። ጭሱንም ከሚተኛበት ክፍል አራቁለት፣ አላህ ይስጣቸው።

ለእናቱ አንድ ሥራ ሰጠኋት። ሌሊት ሲተኛ ከደረቱ እስከ ፊቱ እንዲታይ አድርጋ በስልኳ ቅረጪው አልኳት። በቪዲዮው ያንኮራፋል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ደረቱ ይንቀሳቀሳል አየር ግን አይገባም፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ደንግጦ ይስባል። ሪፈር የተጻፈላት በዚያ ቪዲዮ ነው። ከአንገት በላይ ሐኪሙ እስከ መጨረሻው አየውና ራጅ አዘዘ፣ ጆሮውን አየ። ከአፍንጫ ጀርባ ያለው አዴኖይድ የሚባለው ሥጋ አብጦ መተንፈሻውን ዘግቷል፣ ከጆሮው ታምቡር ጀርባም ፈሳሽ ተጠራቅሟል። ፈሳሹ ስለማያም ልጁ አልተናገረም። የወረቀቴንም ነገር ጠይቋታል፣ «ቲቸሯን አመስግኝልኝ» ብሏል። ያንን የክሊኒክ ሰው ባገኘው ደስ ባለኝ።

የኔው ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ደህና ነው። ያንቺው ግን የግድ እዚያ አይደርስም። አንዳንዱ አለርጂ ሆኖ በአፍንጫ ስፕሬይ ይሻለዋል፣ አዴኖይዱም ዕድሜ ሲጨምር እየሟሸሸ የሚሄድ ነገር ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ደግሞ ንግግሩ በማግስቱ አይስተካከልም። ማንኮራፋቱ ቆመ፣ «ቡዝ»ው ግን ሰነበተ። ቁጭ ብዬ ዓይን ለዓይን እያየሁት «አዎ፣ ሙዝ» እላለሁ፣ እንጂ «እንዲህ በል» ብዬ ልጆች ፊት አላስጨነቅኩትም። ለሚንተባተብም ይኸው ነው። ቃሉን አትጨርሺለት፣ «ቀስ በል» አትበይው፣ ጠብቂው።

ቀጠሮ የማይጠብቀውን ልንገርሽና ልብቃ። ልጁ ሲረጋጋ ልብሱን ገልጠሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሪ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ያ ፈጣን አተነፋፈስ ነው፣ የዚያኑ ቀን ይታይ። ሲስብ ከጎድን አጥንቱ በታች ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይ ከትንፋሹ ብዛት መናገር ካቃተው ዳይሬክተር እስክትፈቅድልሽ አትጠብቂ፣ ባጃጅ ጥሪና ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። ደህና ሲጫወት የነበረ ልጅ በድንገት ትን ብሎት ሳሉ አልለቅ ካለም እንደዚያው፣ ቆሎ ወይ ኦቾሎኒ ወደ ሳንባው ገብቶ ይሆናል። ከአንደኛው አፍንጫው ብቻ ሽታ ያለው ንፍጥ የሚወርደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የከተተው ነገር አለ። ሽምብራ ይሁን ዶቃ በወረንጦ እንዳትጎረጉሪ፣ ወደ ውስጥ ትገፊዋለሽ።

ሰኞ እናቱን በር ላይ ስታገኚያት ሰው በሌለበት ለብቻዋ አናግሪያት። መጀመሪያ የሚችለውን ንገሪያት፣ ከዚያ ስለ ቪዲዮው። ወረቀቱን ስትጽፊ ግራ ከገባሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የኔን ፎቶ አንስቼ የልጁን ስም ሸፍኜ እልክልሻለሁ።