ስልሳ ታካሚና አንድ ዘረመል፦ የጉበት ካንሰር ጥናት ለጀመረች ተማሪ የተሰጠ መልስ

እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በባዮቴክኖሎጂ ተመርቀሽ አሁን ማስተርስ ላይ ነሽ። ለመመረቂያ ጥናትሽ ከስልሳ የጉበት ካንሰር ታካሚዎችና ከስልሳ ደም ለጋሾች ናሙና ወስደሽ፣ ፒኤንፒኤልኤ3 የተባለው ዘረመል ለበሽታው ያጋልጥ እንደሆነና የታካሚውን ዕድሜ ያሳጥር እንደሆነ ልትመረምሪ አስበሻል። አባትሽ በዚሁ በሽታ ማረፋቸውን ጽፈሻል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሪያድ ሆኖ ለትምህርትሽ የከፈለልሽ ወንድምሽ «ይኼ ትምህርት እንጀራ አይሆንም፣ ነርሲንግ ተማሪና ውጪ» ይልሻል። ሒሳብ ትፈሪያለሽ። አንቺስ ዘረመልሽን መመርመር አለብሽ ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

ብዙውን የምጽፍልሽ ስለ ጥናቱ ነው። አማካሪሽ ርዕሱን አጽድቀውታል፤ እኔ ግን ባለበት መልኩ እንዳትጀምሪው እለምንሻለሁ።

የመረጥሽው ዘረመል ጥሩ ነው። ከዲኤንኤው አንዲት ሲ ፊደል ወደ ጂ ስትለወጥ፣ በፕሮቲኑ 148ኛ ቦታ ላይ አይሶሉሲን በሜቲዮኒን ይተካል። ይህ ልዩነት ከጉበት ስብ ጋር መያያዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ ይዞ መጠንከሩ) እና ከጉበት ካንሰር ጋርም መያያዙ በተለያዩ ሕዝቦች ተደጋግሞ ታይቷል። ጉልበቱ ጎልቶ የሚታየው ግን ጉበታቸው በስብ ወይም በአልኮል በተጎዳ ሰዎች ላይ ነው። እኛ አገር ከዋናዎቹ መንስኤዎች መካከል ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ የተባሉት ቫይረሶች አሉ፤ የታካሚዎችሽ ስብጥርም እንደዚያው ስለሚሆን የዘረመሉ ጉልበት ጎልቶ ላይታይሽ ይችላል። የሻገተ በቆሎና ለውዝ ላይ ያለው የሻጋታ መርዝ፣ አፍላቶክሲንስ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። እሱ ቲፒ53 የተባለውን ዘረመል 249ኛው ኮዶን (የሦስት ፊደል ቃል) ላይ ይመታል፤ ለውጡ ግን ዕጢው ውስጥ የሚፈጠር እንጂ የሚወረስ አይደለም፤ ከደም በምታወጪው ዲኤንኤ ላይ አትፈልጊው።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ። እያንዳንዱ ሰው የዘረመሉ ሁለት ቅጂ አለው፤ ከጤነኞቹ ቅጂዎች 20 በመቶው ጂ ፊደልን የያዙ ናቸው፣ እያንዳንዱ ቅጂም የመታመምን ዕድል በ1.5 እጥፍ ያሳድጋል እንበል። ይህን ልዩነት 80 በመቶ በሆነ ዕድል ለማየት 265 ገደማ ታካሚና ያንኑ ያህል ጤነኛ ሰው ያስፈልግሻል። በስልሳና በስልሳ ዕድልሽ 26 በመቶ ገደማ ነው። ዘረመሉ በእርግጥ የሚያጋልጥ ቢሆን እንኳ ከአራት ጊዜ ሦስቱን «ግንኙነት የለውም» ብለሽ ትጽፊያለሽ። አራተኛው ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ በስልሳ ሰው ውጤቱ ጉልህ የሚባለው እጥፉ 1.8 ገደማ ሲደርስ ስለሆነ፣ እውነቱ 1.5 ሆኖ ሳለ የተጋነነ ቁጥር ታሳትሚያለሽ። ሙሉ ጂኖም የሚያስሱ ጥናቶች የሚጠቀሙበትን መስፈርት፣ ማለትም ፒ (ግንኙነት ሳይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመታየት ዕድል) ከ100 ሚሊዮን 5 በታች መሆኑን ከወሰድሽማ፣ የሚያስፈልገው በየወገኑ 1,340 ገደማ ሰው ነው። ብዙ ናሙና ያላቸውም ይስታሉ። በ2010 ኬአይኤፍ1ቢ በተባለ ዘረመል ላይ ያለ ልዩነት፣ ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸውን ቻይናውያን ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል ተባለ። ሥራው ካሰብሽው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር፤ በኋላ ግን በሌሎች የምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ሲሞከር አልተደገመም።

ሁለተኛው ችግር ደም ለጋሾቹ ናቸው። ደም ባንክ የለጋሹን ደም ለሄፓታይተስ ቢ ይመረምራል፤ ቫይረሱ ያለበት ተለይቶ ይወጣል። ስለዚህ የምታወዳድሪው ካንሰር ያለበትን ከሌለበት ጋር ብቻ አይሆንም፤ ቫይረሱ ያለበትን ከሌለበትም ጋር ነው። ኤችኤልኤ-ዲፒ በተባለው፣ የሰውነት መከላከያ ዘረመሎች ባሉበት የዲኤንኤ አካባቢ ያሉ ልዩነቶች ሄፓታይተስ ቢ ሥር ሰዶ በመቅረት አለመቅረቱ ላይ ተጽዕኖ እንዳላቸው ከ2009 ጀምሮ ይታወቃል። በእንደዚህ ያለ ንድፍ ሙሉ ጂኖሙን ብታስሺ እነዚህ ብቅ ይሉና «የካንሰር ዘረመል አገኘሁ» ትያለሽ። ትክክለኛዎቹ ማወዳደሪያዎች ከዚያው ክሊኒክ፣ ያንኑ ቫይረስ ለዓመታት ይዘው ካንሰር ያልያዛቸው ሰዎች ናቸው። የትውልድ አካባቢያቸውም ይቀራረብ። ታካሚዎቹ ከገጠር፣ ለጋሾቹ ከከተማ ከመጡ፣ ያየሽው የፊደል ልዩነት የበሽታ ሳይሆን የዘር ሐረግ ሊሆን ይችላል።

የመኖር ዕድሜ ጥናቱ ላይ ጠበቅ ማለት እፈልጋለሁ። እዚህ የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን ሞት ነው። ጂ ፊደልን የተሸከሙት ከሦስት አንድ በላይ ቢሆኑና የሞት ፍጥነታቸው በ1.5 እጥፍ ቢጨምር፣ ይህን ለማሳየት 207 ያህል ሞት ያስፈልጋል። ስልሳዎቹ ሁሉ ቢሞቱም አይበቃም። ደግሞ አብዛኛው ታካሚ የሚመጣው በሽታው ከገፋ በኋላ ስለሆነ፣ ዕድሜውን በዋናነት የሚወስነው የዕጢው ደረጃና የቀረው ጉበት አቅም ነው፤ የዘረመሉ ድርሻ ከዚያ ሥር ይቀበራል። ሌላም ወጥመድ አለ። ደም የምትቀጂው እስከዚያ ቀን በሕይወት ከቆየው ሰው ነው። ዘረመሉ በእርግጥ ቶሎ የሚገድል ከሆነ፣ ተሸካሚዎቹ አንቺ ሳትደርሺ ያልፋሉ፤ ዝርዝርሽ ውስጥ የሚቀሩት ጠንካሮቹ ይሆኑና ዘረመሉ ንጹሕ ይመስላል። ስለዚህ ሁለት ቀን መዝግቢ፤ ምርመራው የተረጋገጠበትንና ደሙ የተቀዳበትን። ስሌቱን ሰውየው ወደ ጥናቱ ከገባበት ቀን ጀምሪ።

ስለ ቀን ካነሣን፣ ካርድ ላይ 12/5/2016 የሚል ታገኛለሽ። በእኛ ከሆነ ጥር 12 ነው፤ በአውሮፓውያን ከሆነ ግን የዛሬ ስንት ዓመት ያለፈ ሜይ 12። የካርድ ክፍሉ በእኛ፣ የሲቲ ስካን ማሽኑ በእነሱ ይጽፋል፤ አንዱን ከአንዱ ስትቀንሺ ሰውየው ከምርመራው ስምንት ዓመት ገደማ ቀድሞ ሞቶ ታገኚዋለሽ። ቤተሰብ ስልክ ሲያነሣ «ለጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው» ይልሻል። የነገሩሽን እንዳለ በአንድ ዓምድ ጻፊ፤ ጥር 9 ቀን 2016 የሚለውን በሁለተኛው፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 2024 የሚለውን በሦስተኛው። በቃልሽ አትመንዝሪ፤ ፕሮግራም ይመንዝርልሽ። ታካሚው ወደ አገሩ ወይም ወደ ጸበል ሄዶ እንዳይጠፋብሽ፣ በመጀመሪያው ቀን የሁለት ዘመድ ስልክና ቀበሌውን ያዢ፣ በየወሩም ደውዪ።

ስለ ላቦራቶሪው ጥቂት ብቻ፦ ደሙን በሐምራዊ ክዳኑ የኢዲቲኤ ቱቦ ውሰጂ፤ አረንጓዴው ሄፓሪን ስላለበት ፒሲአሩን (ዲኤንኤውን የማባዛቱን ሥራ) ያደናቅፋል። ታካሚዎችንና ማወዳደሪያዎችን በአንድ ፕሌት (የናሙና ሳህን) ቀላቅለሽ አሂጂ፤ ከአሥር አንዱን ድገሚ፤ ባዶ ናሙናም ይኑርበት። ከዚያ ማወዳደሪያዎቹን ቁጠሪ። ጂ 20 በመቶ ከሆነ ከመቶ ሰው 64ቱ ሲሲ፣ 32ቱ ሲጂ፣ 4ቱ ጂጂ መሆን አለባቸው። 72፣ 16 እና 12 ካገኘሽ መቶኛው ያው 20 ነው፤ ነገር ግን ድብልቆቹ፣ ሲጂዎቹ፣ ጠፍተዋል፣ ምርመራው አንዱን ፊደል እየዘለለ ነው። ቁሚና አጣሪ።

ታዲያ ምን ታድርጊ? አማካሪሽ ጋ ሄደሽ ርዕሱ ሁለት ነገር ብቻ እንዲሆን ጠይቂ። አንደኛው ይህ ፊደል በሄፓታይተስ ቢ ታካሚዎች መካከል ምን ያህል እንደሚገኝ መለካት ነው፤ 150 ሰው ብትመረምሪና 20 በመቶ ብታገኚ፣ ስሕተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 4.5 ነው፤ ይህ የሚታመን ውጤት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ታካሚዎቹን በሥርዓት መመዝገብና መከታተል፣ ዲኤንኤውንም ወደፊት ለሚደረግ ትልቅ ጥናት የሚፈቅድ የስምምነት ቅጽ ይዞ ማስቀመጥ ነው። ቅጹን የሥነ ምግባር ኮሚቴው አሁኑኑ ያጽድቀው፤ በኋላ ታካሚዎቹ በሕይወት ስለማይኖሩ ፈቃድ የምትጠይቂው ሰው አታገኚም።

የቀረውን ጊዜሽን መረጃ ትንተና ላይ አውዪ። ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ ኬሚካል) የውጭ ምንዛሪና ጉምሩክ ይጠብቃል፤ ላፕቶፕ አይጠብቅም። የ1000 ጂኖምስ ፕሮጀክትን የ2,504 ሰዎች የዲኤንኤ መረጃ በነፃ አውርጂ። ከምሥራቅ አፍሪካ ያሉበት የኬንያ ሉህያዎች ብቻ ናቸው፤ ኢትዮጵያዊ የለበትም፤ ያንቺ 150 ሰው ዋጋ የሚኖረውም ለዚህ ነው። ፕሊንክ በተባለው የዘረመል መረጃ ፕሮግራም ማጥራት፣ የዘር ሐረግ ልዩነትን መለየት፣ አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የኮክስን የመኖር ዕድሜ ስሌት መሥራት ተለማመጂ። የዕጢ መረጃ ከፈለግሽ ቲሲጂኤ በተባለው የካንሰር ዘረመል የመረጃ ቋት ውስጥ ከ370 በላይ የጉበት ካንሰር ታካሚዎች አሉ። ይህን የምትችል ሰው የካንሰር መዝገብ፣ የመድኃኒት ሙከራ፣ የክትባት ጥናት ሁሉ ይፈልጋታል፤ ፒፔት መያዝ ብቻ የምታውቅ ግን አንድ ላቦራቶሪ በጀት ሲያልቅበት አብራ ትቆማለች። ሒሳብ ስለ መፍራትሽ፦ ከላይ ያሉት ቁጥሮች የሚወጡት በዋናነት በመደመር፣ በማባዛትና በካሬ ሥር ነው፤ እሱን ከተከተልሽ ትችያለሽ።

ወንድምሽን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ነርሲንግ ክቡር ሙያ ነው፤ ከዜሮ ሲጀመር ግን አራት ዓመት ነው፣ ከዚያም የመውጫና የፈቃድ ፈተና አለ። አንቺ የቀረሽ ከሁለት ዓመት በታች ነው። «ቶሎ ገንዘብ» የሚለው ክርክሩ በራሱ ሒሳብ ይወድቃል። የከፈለልሽን ገንዘብ ስንት እንደሆነ ጠይቂው፤ ቁጥሩን ሁለታችሁም ጻፉት፤ ከመጀመሪያ ደመወዝሽ ጀምረሽ በየወሩ የምትከፍዪውን ቃል ግቢ። ዕዳው ገንዘብ ከሆነ በገንዘብ ይከፈላል፤ በሙያሽ ግን አይከፈልም።

የራስሽን ዘረመል አሁን አትመርምሪ፤ ውጤቱ የምትወስጂውን እርምጃ አይለውጥም። በዚህ ሳምንት ግን ሄፓታይተስ ቢ ተመርመሪ፤ እናትሽንና ወንድሞችሽንም ይዘሽ ሂጂ፣ ቫይረሱ በአንድ ቤት ይዛመታልና። ነፃ ከሆናችሁ ሦስቱን ክትባት ውሰዱ፤ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ከተገኘባችሁ ሐኪም በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ መከታተል ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ይወስናል።