ወንዝ ሸክሙን ሲነጠቅ

ዛሬ የምመልሳቸው የአንባቢያን ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ወንዝ ናቸው።

ጥያቄ፦ ግድብ የጎርፉን ኃይል ይቀንሳል። ታዲያ ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ ለምን ወለሉን ይቦረቡራል?

መልስ፦ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። የተገደበ ወንዝ ግን ማደሪያ ያገኛል፤ አሸዋውን፣ ጠጠሩንና ደለሉን ሐይቁ ውስጥ አራግፎ ጠርቶ ይወጣል። ለሸክሙ ይውል የነበረው ጉልበት አሁን ወለሉንና ዳርቻውን ይበላል። ውሃው ሲጎድል ወርዳችሁ ወለሉን እዩት፤ ደቃቁ ሁሉ ታጥቦ ሄዷል፤ የቀረው ውሃው ሊያንከባልለው ያልቻለ ድንጋይ ነው፣ ጎን ለጎን እንደ ንጣፍ የተደረደረ። በዚያ ሥፍራ መሸርሸሩ ጋብ ይላል፤ ወደ ታችኛው ክፍል ግን ይሻገራል። በአሜሪካው ኮሎራዶ ወንዝ የግሌን ካንየን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1963 ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ከግድቡ በታች ያለው ጥልቅ ሸለቆ፣ የግራንድ ካንየን፣ የአሸዋ ዳርቻዎች የተመናመኑት አሸዋው ከላይ ስለቀረባቸው ነው።

ጥያቄ፦ ጠመዝማዛ ወንዝን ማቅናት መንገድ ማሳጠር ነው። ምን ይጎዳል?

መልስ፦ የአውሮፓውን የራይን ወንዝ ታሪክ ልንገራችሁ። መሐንዲሱ ዮሐን ጎትፍሪድ ቱላ ያቀደው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1817 ሲጀመር ዋና ዓላማው ጎርፍን መከላከል ነበር። ከስዊዘርላንዷ ባዝል እስከ ጀርመኗ ቢንገን ወንዙ በ80 ኪሎ ሜትር ያህል አጠረ። ከፍታው ያው ሆኖ ርዝመቱ ሲቀንስ ቁልቁለቱ ይበረታል፤ ውሃው ፈጠነ፣ ወለሉም በአንዳንድ ቦታ በብዙ ሜትር ወረደ። የከርሰ ምድር ውሃ አብሮ ሸሽቶ የዳርቻው ደን ደረቀ። ኢስታይን በተባለች መንደር አጠገብማ ተቀብሮ የኖረ የድንጋይ ደፍ ገጦ ወጥቶ ለመርከቦች እንቅፋት ሆነ። ግድቦች ተከተሉ። ከመጨረሻው ከኢፌትስሃይም ግድብ በታች ዛሬም ጠጠር በጀልባ እየተጫነ ወንዙ ውስጥ ይደፋል፣ ወለሉ እንዳይወርድ። ወንዙ በነጻ ያመጣው የነበረውን ጠጠር ሰው በየዓመቱ ሊያቀርብለት ግድ ሆኗል። እኔ ከዚህ የከበደ ዕዳ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ከዳር ወደ መሃል የተዘረጉት የድንጋይ ክትሮች ምን ይሠራሉ?

መልስ፦ ውሃውን ወደ መሃል ገፍተው የመርከቡን መስመር ወንዙ ራሱ እንዲቆፍረው ያደርጋሉ። በመካከላቸው ደለል ይሞላና ቀስ በቀስ የብስ ይሆናል። ሰፊና ደሴት የበዛበት የነበረው የአሜሪካው ሚዙሪ ወንዝ የጠበበው እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ ግድብ ቢፈርስ ወንዙ ወደ ቀድሞው ይመለሳል?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይመለስም፤ መንገድ ከተከፈተለት ግን አይዘገይም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በኤልዋ ወንዝ ላይ የነበሩት 2 ግድቦች እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 ተነሡ። ታግቶ የኖረው ደለል ወደ ባሕር ወረደ፤ ድንጋያማ በነበረው የወንዙ አፍም አዲስ የአሸዋ ዳርቻ ተፈጠረ።